ቀድሟት የሄደው ብር

ለመሆኑ ካሰላ ላይ ማን ያውቃታል?

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ከልደታ ማርያም ቁልቁል ሲወርዱ ይህችኑ ጥያቄ ያመላልሱ ነበር። መምሬ ወልደ ሚካኤልን ጠይቀዋቸው፣ «እግዚአብሔር ያውቃታል» ብለው ሸኝተዋቸዋል። ይህንስ እሳቸውም አላጡትም። ግን እግዚአብሔር ካሰላ ከተማ ሱቅ ከፍቶ ለመንገደኛ ስንቅ አይሰፍር። እንዲህ ብለው ማሰባቸው ራሱ አስደነገጣቸውና ቆም ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው አማተቡ። ከዚያ ነጠላቸውን አጥብቀው እንደገና መሮጥ ያዙ፤ እንደ እሳቸው ጉልበት ሩጫ ይባል እንደሆነ።

ከነጠላቸው ሥር መምሬ የሰጧቸውን የይለፍ ወረቀት ይዘዋል። የጣልያን ማኅተም ያለበት ስለሆነ እንደ እንቁላል ነው የያዙት። ጣልያን ከሰፈሩ በታች ያለውን ሜዳ ለአውሮፕላን ከደለደለው ወዲህ የልደታ ዶሮ እንኳ ድምፁን ለምዶታል፤ እሳቸው ግን አልለመዱም። አንዱ ከሜዳው ተነሥቶ ጣራ ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ወረቀቱን ከላይ ሆነው የሚያዩባቸው መሰላቸውና በሁለት እጃቸው ደረታቸውን ሸፈኑ።

ጥር 1931 ነበር፤ ጥምቀት ካለፈ ሳምንት አልሞላውም። የልጅ ልጃቸው ጽገሬዳ ነገ ጎሕ ሲቀድ ከኢየሩሳሌም ተሳላሚዎች ጋር በካሚዮን ትሄዳለች። መንገዱ በደሴ አድርጎ አስመራ፣ ከአስመራ ካሰላ፣ ከካሰላ በባቡር ካርቱም፣ ከዚያ ምስር የሚሏት ግብፅ፣ ከምስር ኢየሩሳሌም ነው። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ከተማዎቹን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይዘዋቸዋል፤ ግን አንዱንም አላዩትም። የጽገሬዳ አባት ፊታውራሪ ሸዋንግዛው ከማይጨው ሽንፈት በኋላ ተሰዶ ኢየሩሳሌም ገብቷል። የስደተኛ ቤተሰብ እየተባለ ስንቱ ሰው በሌሊት ተጭኖ ባሕር ማዶ መወሰዱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጽገሬዳ እስካሁን የተረፈችው በሩ ስላልተንኳኳ ብቻ ነው፤ ሰሞኑን ደግሞ ጥግ ላይ ያለው ባንዳ ስለ አባቷ መጠያየቅ ጀምሯል።

ግቢው በር ሲደርሱ ከውስጥ የልጅቷን ሳቅ ሰሙ። የዛሬ ሳቅ አልጣማቸውም።

ሐጂ አብዱልፈታህ ጫማውን ደፉ ላይ አውልቆ፣ ብርዙን አጠገቡ አስቀምጦ ተቀምጧል። ከሐረር ሲመጣ ገና ጎልማሳ ነበር። ጌጃ ሰፈር ውስጥ ቆዳ እየገዛ ወደ ሰሜን ይልካል። ከወይዘሮ ተናኘወርቅ ጋር የተዋወቁት አንድ ጊዜ የበሬ ቆዳ ሲሸጡለት በዋጋ ተጣልተው ነው፤ ጠቡ እስካሁን ባይፈታም ወዳጅነቱ ከጠቡ በልጧል። አሁን ከፊቱ ባለው ሣጥን ክዳን ላይ ከከረጢቱ ያወጣቸውን ልዩ ልዩ ገንዘቦች ደርድሯል፤ ጽገሬዳ ተንበርክካ ታያቸዋለች።

«እማማ፣ ይምጡ ይዩ። መሀሉ ቀዳዳ የሆነ ገንዘብ አለ።»

«ምን በላው?» አሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ፣ ገና ትንፋሻቸው ሳይመለስ።

«ማንም አልበላውም እሜቴ» አለ ሐጂ። «ሲሠሩት እንዲህ አድርገው ነው። የኢየሩሳሌም ገንዘብ ነው።»

«የጌታ መቃብር ባለበት አገር የተቀደደ ገንዘብ?»

«እንግሊዝ ነው የሚያወጣው።»

«ለምን ይበሱታል?»

«እሱን አላውቅም። ብዙ ጊዜ አሰብኩ፣ አላገኘሁትም።»

«በክር እንዲሰካ ነዋ» አለች ጽገሬዳ። «እንደ ማተብ አንገት ላይ ታስሮ እንዳይጠፋ።»

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ገንዘቡን ተቀበሉት። አሸተቱት፤ በጥርሳቸው ሞከሩት፤ ወደ ዓይናቸው አቅርበው በቀዳዳው ሲያዩ ከደጅ አመድ ላይ የሚንከባለሉት ዶሮዎች ተራ በተራ ታዩ። ለአፍታ የመጡበትን ረሱ። ሰው ገንዘብ ሲሠራ መሀሉን ጥሎ ጠርዙን ብቻ ይዞ እንደሚኖር ማን ይነግራቸው ነበር?

«ይሄስ?» አሉ ሌላውን አንሥተው።

«ይሄ ጉርሽ ነው። የምስር ገንዘብ ነው፤ ሱዳንም የሚሠራው እሱው ነው።»

«ሁለት አገር ባንድ ገንዘብ?»

«ባንድ ገንዘብ።»

«ሰውዬው ማነው? ራሱ ላይ የደፋው ምንድን ነው?»

«ንጉሣቸው ነው። የደፋውም ተርቡሽ ይባላል።»

«ድስት ነው የሚመስለው» አሉና መለሱት። «እሺ፣ የእኛዋ ሴትዮስ?» ጠገራ ብሩን ማለታቸው ነው። እድሜያቸውን ሙሉ ብር ሲሉ ያቺ ጡተ ትልቋ የባሕር ማዶ ንግሥት ያለችበት ጠገራ ነበር። አሁን ጣልያን በግድ በወረቀት ሊሬ ልቀይር እያለ ይሰበስባታል፤ ሰዉም ይደብቃታል።

«ሴትዮዋን በየገጠሩ ያውቋታል» አለ ሐጂ። «ሱዳንም ድረስ ብትሄድ ዘመድ አታጣም። ግን ትከብዳለች፣ ትንጫጫለችም። ሱዳን ድንበር፣ ተሰነይ ኬላ ላይ ሴቱንም ወንዱንም ይፈትሻሉ። ጠገራ ከተገኘባት ብሩም ልጅቷም እዚያው ይቀራሉ። ሊሬ ትያዝ ብንል ደግሞ ሊሬ የሚያገለግለው እስከ ተሰነይ ነው። ከዚያ ማዶ ፍየል ይበላው እንደሆነ እንጂ ሰው አይቀበለውም።»

«ስለዚህ ባዶ እጇን ትሂድ?»

«ባዶ እጇን አይደለም። ለመንገድ የሚበቃት ሊሬ ትይዛለች። ትልቁ ገንዘብ ግን ቀድሟት ሄዷል አልኩዎት እኮ።»

ይህን ነገር ባለፈው ሳምንት ከአልጋቸው ሥር ቆፍረው ጠገራውን ሲያስረክቡትም ነግሯቸው ነበር። ያኔም አልገባቸውም። ሐዋላ የሚባል ነገር እንዳለ ይሰማሉ፤ የአረብ ነጋዴዎች ጥበብ ነው እያሉ ያልፉታል። የራሳቸው ብር ሲሆን ግን የሚታለፍ አልሆነም።

«እስቲ እንደ ሕፃን አስረዳኝ» አሉ ዱካ ስበው እየተቀመጡ። «ብሬ አሁን የት ነው?»

«ጌጃ ሰፈር። ቆዳ ሆኗል።»

«የልጄ ስንቅ ቆዳ ሆነ?»

«ቆዳ ገዛሁበት። ቆዳውን ሁልጊዜ በሚጭንልኝ በፉፋ እጅ ካሰላ ላለው ለሀሚዳ ወንድም እልክለታለሁ።» ሀሚዳ ሚስቱ ናት። «እሱ ቆዳውን ሳያይ፣ ‹ይህን ያህል ለጽገሬዳ ክፈል› የሚል ቃሌን ብቻ ሰምቶ ከሱቁ ጉርሽ አውጥቶ ይሰጣታል። የምትፈልገውን ወስዳ የተረፈውን ‹ካርቱም ልቀበል› ካለች ካርቱም ላለው ሰው ቃል ይልካል። የካርቱሙ ለምስሩ፣ የምስሩ ኢየሩሳሌም በር ላይ ሳሙና ለሚሸጠው። በየአገሩ ያገሩን ገንዘብ ይሰጧታል።»

«እና ብሩ ራሱ አይሄድም?»

«አይሄድም። የሚሄደው ቃሉ ነው።»

 ወይዘሮ ተናኘወርቅ የጥጥ ፈትል ከወዲህ ሲጎተት ከወዲያ ጫፉ እንደሚነቃነቅ ሊያስቡት ሞከሩ፤ ግን ይህ ፈትል እንኳ የለውም።

«አንዱ ቢክድስ?»

«ከካደ ማን ከሱ ጋር ይሠራል? እንጀራው ይዘጋል። ደግሞ የሀሚዳ ወንድም ከካደ ሀሚዳ ከእኔ ቀድማ ታንቀዋለች።»

ጽገሬዳ ሳቀች። አያቷ ግን ከመንገድ ጀምሮ ሲያመላልሱት የነበረውን አወጡት።

«እሺ፣ ሰውየው ልጄን በምን ያውቃታል? ካሰላ ላይ ስንት ሴት ያልፋል።»

«በስሟ ነዋ። ‹ጽገሬዳ ሸዋንግዛው› ብዬ በቀደመው ጭነት ልኬያለሁ። የይለፍ ወረቀቷን ትዘረጋለች፤ እኔ ከላክሁት ስም ጋር ያስተያያል፤ ይከፍላል። ወረቀቱ ወጣ አይደል? እስቲ እንየው።»

ወረቀቱን አወጡ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ፊደል ቆጥረው ዳዊት የደገሙ ሴት ናቸውና ሰው ፊት ማንበብ ይወዳሉ። ላዩ ጣልያንኛ ነው፤ ሥሩ በአማርኛ ተጽፏል። «ለመንፈሳዊ ጉዞ...» ብለው ጮክ ብለው ጀመሩ፣ ከዚያ ድምፃቸው ወረደ፣ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ። ወረቀቱን አጠፉና መልሰው ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት።

ሐጂ እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

«ምን ይላል?»

«ስሟን ይላል።»

«ጽገሬዳ ሸዋንግዛው?»

«ደህና አድርገው ጽፈውታል።»

«እማማ» አለች ጽገሬዳ።

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ዓይናቸውን ከልጅቷ አሸሹ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገብቷቸዋል። ከጥምቀት በፊት መምሬ የተሳላሚዎቹን ስም ሲሰበስቡ፣ እሳቸው እንደ ደንቡ የልጅቷን የክርስትና ስም፣ የአባቷንም የክርስትና ስም ሰጡ። ለቄስ ሌላ ምን ስም ይሰጣል? ለጸሎት መስሏቸው ነበር። መምሬ ደግሞ ዝርዝሩን እንዳለ ለጣልያኑ ሹም አስተላለፉት። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ለሐጂ ሲነግሩ ግን ሰፈር የሚጠራትን ስም ሰጡ። ለነጋዴ ሌላ ምን ስም ይሰጣል? አንዱን ስም ለቤተ ክርስቲያን፣ አንዱን ለገበያ ሲሰጡ እድሜያቸውን ኖረዋል፤ ሁለቱ ስሞች አንድ ቀን ካሰላ ላይ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ ብለው አላሰቡም።

«እሜቴ» አለ ሐጂ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወረቀቱ ጽገሬዳ ካላለ አሁን ይንገሩኝ። ዛሬ ካልነገሩኝ ልጅቷ ካሰላ ሱቅ በር ላይ ቆማ ትውላለች። እዚያ ማንም ዘመድ የላትም። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ደግሞ በረሃ ነው።»

«የክርስትና ስሟን፣ የአባቷንም የክርስትና ስም ነው የጻፉት» አሉ በመጨረሻ።

«እሺ። ማን ይባላል?»

«እሱማ አይነገርም።»

ሐጂ አልተቆጣም። ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር ያረጀ ሰው ነው፤ የሚፈሩትን ያውቃል። ያ ስም በጠንቋይ እጅ ከገባ ባለቤቱን ያስሩበታል ይባላል። ብርዙን አንሥቶ ተጎነጨና፣ «ለጣልያን ግን ተነግሯል» አለ።

«ጣልያን አፉ አይችለውም። ሲጠራው ሌላ ሰው ይሆናል።»

«የኔ አፍ ስለሚችለው ነው የተፈራሁት?»

«አንተን ፈርቼ አይደለም። አንተ ለፉፋ ትነግረዋለህ፣ ፉፋ ለሌላው፣ ሌላው ለሌላው። ስሟ ከልደታ እስከ ኢየሩሳሌም በየሰዉ አፍ ሊያድር ነው።» ከዚያ ፊታቸው በራ። «ወረቀቱን ብናስለውጠውስ? አሁኑኑ ተመልሼ መምሬን...»

«አይሆንም እማማ» አለች ጽገሬዳ። እስካሁን ስትስቅ የነበረችው ልጅ አልመሰለችም። «ወረቀቱ ላይ የአባቴ ስም እንዲህ ተብሎ ከተጻፈ በየኬላው የፊታውራሪ ሸዋንግዛው ልጅ መሆኔን የሚያውቅ የለም። መምሬ ሳያውቁ ነው ያዳኑኝ። የሚለወጠው ካሰላ የተላከው ነው።»

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ልጅቷን አዩዋት። 

«እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም» አለ ሐጂ። «አንዴ የተላከ ስም ሲለወጥ ሌባ ያስመስላል። ካቻምና አንዱ የሞተ ሰው ገንዘብ ሊበላ ‹ስሙን ለውጡ› ብሎ ልኮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስም የሚለወጠው ከጥያቄ ጋር ነው። የሀሚዳ ወንድም ይጠይቃታል፤ ከእሷ በቀር ማንም የማይመልሰው ነገር መሆን አለበት። ወረቀት አልልክም፤ ደሴ ላይ በዓረብኛ የተጻፈ ደብዳቤ ተገኝቶበት የታሰረ ጓደኛ አለኝ። ሁሉም በቃል ነው። ፉፋ ደግሞ ቆዳውን ጭኖ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይነሣል። ተሳላሚዎቹ አስመራ ሰንብተው ስለሚያልፉ ይቀድማቸዋል። ግን ዛሬ ካልነገርኩት ሌላ የምልከው ሰው የለኝም።»

«ምን ዓይነት ጥያቄ?»

ሐጂ ጢሙን አሻሸ፤ ማፈሩ ያስታውቅበታል። «ለምሳሌ... ስንት ዓመት ልጠይቅዎት ፈልጌ የተውኩት ነገር አለ። ሀሚዳም ጠይቅ ትለኛለች። ለምን ባንድ ጆሮዎ ላይ ብቻ ጉትቻ ያደርጋሉ?»

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ባዶውን ጆሯቸውን ነካ አደረጉ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ጽገሬዳ ዞሩ። ልጅቷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አይሆንም እማማ። ሌላ ነገር ይፈልጉ።»

«ይሄ ነው የሚሆን» አሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ። «ሐጂ፣ ይቺ የምታያት የፊታውራሪ ልጅ ገና ስትድህ ታቅፌያት ሳንቀላፋ ጉትቻዬን ነቅላ ዋጠችው። ወርቅ ነበር፤ የባሌ የሰርግ ገጸ በረከት። ሦስት ቀን እዚህ ደጅ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት።»

«ወጣ?»

«ወጣ። ግን ማን መልሶ ጆሮው ላይ ያደርገዋል?»

ሐጂ ጉልበቱን ይዞ ሳቀ፤ እስኪያነባ ሳቀ። «በቃ፣ ይህ ነው። ‹አያትሽ ለምን ባንድ ጆሮ ቀሩ?› ይላታል።»

«የማላውቀው ሰው ሱቅ ውስጥ ቆሜ፣ ጉትቻ ስለዋጥኩ ነው ልበል?» አለች ጽገሬዳ ከነጠላዋ ሥር። «ከመነኮሳት ጋር ሆኜ?»

«ትያለሽ። ጮክ ብለሽ ትያለሽ። ‹ወጣ ወይ?› ካለሽም ‹ወጣ› ትያለሽ።»

ሳቁ በረደ። የቀረው ስሙ ነበር። በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ከሣጥኑ ወርዶ ወለሉን ይዟል። ሐጂ ገንዘቦቹን አንድ በአንድ ወደ ከረጢቱ መለሰ፤ አላጣደፋቸውም።

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ያን ስም የሰሙበትን ቀን አሰቡ። ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ እናቷ በሕይወት ነበረች። እናቷ ከሞተች ወዲህ፣ ከራሷ ከልጅቷ ሌላ ስሙን የሚያውቁት እሳቸው፣ አባቷና የነፍስ አባቷ ብቻ ነበሩ። ልጅቷ ስትታመም በጆሮዋ ይጠሩላታል፤ ሌላ ጊዜ አይጠሩትም። የቤት ሠራተኛ ሰምታው አታውቅም። ይቺ ልጅ ተንቀጥቅጣ ስትተኛ፣ እብድ ውሻ ሲያባርራት፣ ቦምብ ከሰማይ ሲወርድ፣ ከዚህ ሁሉ የጠበቃት እሱ ነው ብለው ያምናሉ። ከአልጋቸው ሥር የተቀበረውን ብር ለመስጠት አንድ ቀን አመነቱ። ይህን ግን እድሜያቸውን ሙሉ አልሰጡም።

«እኔ ልንገራቸው» አለች ጽገሬዳ።

«አንቺ ዝም በይ። ስሙን ከቄሱ አፍ የተቀበልኩት እኔ ነኝ።» ወደ ሐጂ ዞሩ። «በምን ትምልልኛለህ?»

«ያን ሁሉ ብር ሲሰጡኝ አላስማሉኝም። ለስም ያስምሉኛል?»

«ብሩ ሌላ ነው።»

«እውነትዎን ነው» አለ ሐጂ። ትንሽ አሰበና፣ «አልምልም» አለ። «ግን እኔም አራት ሴት ልጆች አሉኝ።»

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ይህን ሚዛን ላይ ያስቀመጡት መሰሉ። ከዚያ ዱካቸውን አስጠግተው፣ የነጠላቸውን ጫፍ በአፋቸውና በሐጂ ጆሮ መካከል እንደ መጋረጃ ይዘው፣ ስሙን አንድ ጊዜ ተናገሩት። ሐጂ በሹክሹክታ መለሰው፤ አንዱን ፊደል አሰናከለው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ደገሙለት። እንደገና መለሰው፤ ልክ ሆነ። አስከትለው የአባቷን ነገሩት፤ እሱንም መለሰው። ሹክሹክታውን ከሁለቱ በቀር የሰማው የለም፤ እኛም ስሞቹን አንጠራም።

ሌላ ቀን ሐጂ አብዱልፈታህ ከዚህ ቤት ሲወጣ ስንብቱ ከመቀመጡ ይረዝም ነበር። የጉልበታቸውን ሕመም ይጠይቃል፤ ሀሚዳ ሰላም እንዳለቻቸው ደግሞ ያስታውሳል፤ ደፉ ላይ ቆሞ ስለ ቆዳ ዋጋ ያማርራል፤ በሩ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ዛሬ ግን እንዲሁ ተነሣ። ጫማውን ሲያደርግ ከንፈሩ ቀስ እያለ፣ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ጢም ያለ እንስራ ተሸክሞ እንደሚሄድ ሰው ራሱን አቅንቷል። ጽገሬዳ ልትሰናበተው አፏን ስትከፍት አያቷ ክንዷን ያዙ። እሱም ቀና ብሎ አያቸው፤ እጁን ደረቱ ላይ አኖረ፤ ከዚያ ግቢውን አቋርጦ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ወጣ።